የአዲስ አበባና የዋሽንግተን የአየር መንገድ፦ ስለ ርቀት፣ ስለ ነፋስና ስለ ከፍታ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)





እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ሲያዩት እጅግ ቀላል ይመስላል። በሁለት ሩቅ አየር ማረፊያዎች መካከል ያለው ርቀት ምን ያህል ነው? ጉዞውስ ስንት ሰዓት ይፈጃል? የሚል ነው። ርቀትን በፍጥነት አካፍሎ ሰዓትን ማግኘት ማንኛውም ተማሪ የሚሠራው ሒሳብ ስለሆነ፣ በዚህ የሙያ ጉባኤ ፊት ቆሞ ስለዚሁ መናገር ጊዜ ማባከን የሚመስለው ሰው ቢኖር አልፈርድበትም። እኔም ራሴ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እንዲሁ ይመስለኝ ነበር። ሐሳቤን ያስለወጠኝ በገዛ ቤቴ የደረሰ አንድ ትንሽ ነገር ስለሆነ ንግግሬን ከዚያ እንድጀምር ይፈቀድልኝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እናቴ አሜሪካ የምትኖረውን እኅቴን ለማረስ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ለመሄድ ተነሣች። ከዚያ በፊት በአውሮፕላን ተሳፍራ አታውቅም። ሻንጣዋን ስናስር «ልጄ፣ መንገዱ ስንት ሰዓት ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። እኔም መሐንዲስ ነኝና በግምት መመለስን አልወደድኩም። በሁለቱ ከተሞች አየር ማረፊያዎች መካከል ያለው አጭሩ ርቀት 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አውሮፕላኑ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ይበራል፤ ሲካፈል 12 ሰዓት ከ51 ደቂቃ ይሆናል። «እማዬ፣ 13 ሰዓት ነው» አልኳት። የደም ግፊት መድኃኒቷን ጧትና ማታ የምትወስድ በመሆኗም «አንዱን ከመነሣትሽ በፊት ዋጪ፤ ሌላውን ስትደርሺ ትወስጃለሽ» አልኳት። የቀረው መድኃኒት ከበርበሬውና ከሽሮው ጋር በሻንጣ ታሰረ።

ከ8 ሰዓት ያህል በረራ በኋላ አውሮፕላኑ ወረደ። እናቴም ፈረንጅ አገር ቶሎ ተደረሰ ብላ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ቦርሳዋን ይዛ ተነሣች። ከጎኗ የነበረ አንድ ወጣት «እማማ፣ ገና ነው፤ ነዳጅ ሊቀዳ ነው፤ ይቀመጡ» ብሎ አስቀመጣት። ከዚያም አውሮፕላኑ እንደ ገና ተነሣ። 13ኛው ሰዓት ሲሞላ እርሷ የነበረችው በአትላንቲክ ውቅያኖስ አጋማሽ ላይ ነው። በስልክ ስታጫውተኝ፣ «አንተ ያልከው ሰዓት ሲሞላ በመስኮቱ የሚታየው ጨለማ ብቻ ነበር። ልጄ ሒሳብ አይሳሳትም ብዬ አብራሪው መንገድ ጠፋበት አልኩ፤ እስኪነጋ ድረስ ስጸልይ ነበር» አለችኝ። መድኃኒቷን ያገኘችው የይለፍ ወረቀቱ ታይቶ፣ ሻንጣው ወጥቶ ነው፤ በሒሳቤ ከተባለው ሰዓት ብዙ አልፎ።

ክፉ ነገር አልደረሰባትም፤ ተመስገን። እኔ ግን ነገሩ ከልቤ አልወጣም። የሰጠኋት ቁጥር ትክክል ነበር። ስሕተቱ ቁጥሩን ከሁኔታው ነጥዬ፣ እንደ ተቆረጠ እውነት አድርጌ መስጠቴ ነው። ለዚህ ጉባኤ ማቅረብ የምፈልገውም ዋና ሐሳብ ይኸው ነው፤ ርቀት የመሬት ጉዳይ ሲሆን፣ የጉዞ ሰዓት ግን የመሬት፣ የነፋስ፣ የከፍታ፣ የሙቀትና የሰው ውሳኔ ድምር ነው። ከእነዚህም መካከል ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ከሁሉ የሚከብደው ከፍታው ነው።

ርቀቱ

በመጀመሪያ ርቀቱን እንመልከት። በግድግዳ ላይ በተሰቀለው የዓለም ካርታ ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን በማስመሪያ ብናሰምር፣ መስመሩ በሰሐራ በረሃ ላይ አልፎ ወደ ምዕራብ ይሄዳል። መርካቶር በ1569 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዓይነት ካርታ ላይ እንዲህ ያለው ቀጥተኛ መስመር የኮምፓስ አቅጣጫውን ሳይለውጥ የሚጓዝ መርከብ የሚከተለው መንገድ ነው። ለመርከበኛ ምቹ ነው፤ አጭር ግን አይደለም። ርዝመቱ ሲሰላ 12,090 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል።

አሁን ካርታውን ትተን በሉል ላይ ክር እንወጥር። አንዱን ጫፍ በአዲስ አበባ፣ ሌላውን በዋሽንግተን አድርገን ክሩን ብንስበው ካርታው ካሳየን መስመር ወደ ሰሜን ሸሽቶ ይቀመጣል። ይህ መስመር የምድርን እምብርት ማእከሉ ያደረገ የታላቅ ክብ ክፋይ ነው፤ በሉል ላይ ካሉት መንገዶች ሁሉ አጭሩም እርሱ ነው። ከቦሌ ሲነሣ ወደ ሰሜን ምዕራብ ያመራል፤ በሱዳንና በሊቢያ በረሃ ላይ ያልፋል፤ ደቡብ ቱኒዝያንና አልጄሪያን አቋርጦ ሜዲትራኒያንን ይሻገራል፤ በደቡብ እስፓኝና በፖርቱጋል ላይ አድርጎ ወደ አትላንቲክ ይወጣል። በውቅያኖሱ መካከል እስከ 44.8 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ድረስ ከወጣ በኋላ ይታጠፍና፣ 39 ዲግሪ አካባቢ ወደምትገኘው ዋሽንግተን ከሰሜን ምሥራቅ ቁልቁል ይገባል። ይህ 11,560 ኪሎ ሜትር ነው። በክርና በማስመሪያ መካከል ያለው ልዩነት 530 ኪሎ ሜትር ያህል ሆነ ማለት ነው፤ ከግማሽ ሰዓት በላይ የሚፈጅ በረራ።

ይሁን እንጂ ይህም አጭር መስመር በወረቀት ላይ ያለ መስመር ነው። አውሮፕላን የሚበረው በተፈቀደለት መንገድ፣ በሰላም ላይ ባሉ አገሮች ሰማይ ነው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣ የዚያች አገር ሰማይ ለመንገደኛ አውሮፕላኖች ተዘጋ፤ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜንና ወደ ምዕራብ የሚሄዱ አውሮፕላኖችም ዙሪያ ጥምጥም ለመብረር ተገደዱ። የሊቢያም ሰማይ ከዚያ አስቀድሞ ለብዙ ዓመታት የሚፈራ ሆኖ ቆይቷል። የሁለት አገሮች ጠብ በሦስተኛው አገር መንገደኛ ሰዓት ላይ እንዲህ ይጨመራል።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን ከገዛ ታሪካችን የምናውቀው አንድ በረራ ነው። ግንቦት 24 ቀን 1976 ዓ.ም. (ጁን 1 ቀን 1984 እ.ኤ.አ.) የኢትዮጵያ አየር መንገድ አዲስ የገዛው ቦይንግ 767 አውሮፕላን ከዋሽንግተን ተነሥቶ ያለ ማረፊያ አዲስ አበባ ገባ። በዚያን ጊዜ ባለ ሁለት ሞተር የመንገደኛ አውሮፕላን ያን ያህል በአንድ ትንፋሽ የበረረበት ጊዜ ስላልነበረ የርቀት ክብረ ወሰን ሆኖ ተመዘገበ። የተመዘገበው ርቀት 12,082 ኪሎ ሜትር ነው። ከክሩ 500 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሚበልጥ ልብ ይሏል።

ስለዚህ በረራ ሌላም ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ክብረ ወሰኑ የተገኘው ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ ሲበር ነው፤ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን አይደለም። ርቀቱ አንድ ከሆነ አቅጣጫው ለምን ለውጥ ያመጣል? የቀረው ንግግሬ ለዚህ ጥያቄ መልስ ነው።

ነፋሱ

የመጀመሪያው ምክንያት ነፋስ ነው። አውሮፕላኖች በሚበሩበት በ10 እና በ12 ኪሎ ሜትር ከፍታ መካከል፣ በተለይም በሰሜን አትላንቲክ ላይ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ብርቱ የነፋስ ወንዝ አለ። ምክንያቱ በምድር ወገብ አካባቢ ያለው አየር ከዋልታው አየር ይልቅ የሞቀ መሆኑና የምድር መሽከርከር ነው። በክረምታቸው ጊዜ ይበረታል፤ በበጋቸው ይለዝባል። በአንዳንድ ቀንና ቦታ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይነፍሳል። ወደ አሜሪካ የሚሄድ አውሮፕላን ይህን ወንዝ ሽቅብ ይቀዝፋል፤ ከአሜሪካ የሚመጣው ቁልቁል ይወርዳል።

ለሒሳብ እንዲመቸን በመንገዱ ሁሉ ላይ ያለው አማካይ ነፋስ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ነው እንበል። አውሮፕላኑ በአየሩ ውስጥ በ900 ቢበር፣ ሲሄድ በመሬት ላይ የሚቆጠረው ፍጥነቱ 850፣ ሲመለስ 950 ይሆናል። ስለዚህ መሄጃው 13 ሰዓት ከ36 ደቂቃ፣ መመለሻው 12 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ይፈጃል። ልዩነቱ ወደ 1 ሰዓት ተኩል ይጠጋል።

ነፋሱ ሲሄዱ የወሰደውን ሲመለሱ ይከፍላል የሚል ካለ ደግሞ ሁለቱን ደምሮ ይመልከት። በ50 ኪሎ ሜትር ነፋስ የደርሶ መልሱ ድምር ነፋስ ከሌለበት ቀን በ5 ደቂቃ ያህል ይበልጣል፤ ነፋሱ 100 ቢሆን ትርፉ 19 ደቂቃ ይደርሳል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አውሮፕላኑ ነፋሱ በሚቃወመው መንገድ ላይ የሚቆየው ነፋሱ በሚረዳው መንገድ ላይ ከሚቆየው ረዘም ላለ ጊዜ ነው። ነፋስ ያበደረውን እንጂ የወሰደውን በሙሉ አይመልስም።

ከፍታው

ነፋስ የ1 ሰዓት ተኩል ልዩነት ያመጣል እንጂ በመንገድ ላይ ለማረፍ አያስገድድም። እናቴን ከመንገድ ላይ ያሳረፋት ሌላ ነገር ነው፤ እርሱም ቦሌ ነው።

የቦሌ አየር ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛል። የዋሽንግተኑ የደለስ አየር ማረፊያ ከ100 ሜትር አያልፍም። ይህን ስነግራት እናቴ የጠየቀችኝን ጥያቄ ብዙ ሰው ሳይጠይቀው አይቀርም፤ «ከከፍታ የሚነሣ ወደ ሰማይ የቀረበ ነውና ይቀለው የለምን?» አለችኝ። እውነት ነው፤ የሚወጣው ዳገት በ2 ኪሎ ሜትር ያጥርለታል። ነገር ግን ለዚያች ትንሽ ትርፍ የሚከፍለው ዋጋ ከባድ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ባቄላም ከድሬዳዋ ይልቅ ዘግይቶ ይበስላል። ምክንያቱ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ መሆኑ ነው። ምጣዱን የሚያዘገየው ይኸው የአየር መሳሳት አውሮፕላኑንም ያዘገያል። የአየሩ ሙቀት 20 ዲግሪ በሆነበት ቀን በቦሌ ያለው የአየር እፍግታ፣ ማለትም ጥቅጥቅነት፣ በባሕር ጠለል ከሚወሰደው መደበኛ ልክ 74 በመቶ ያህሉ ነው። ከ4 እጅ አንዱ እጅ የለም ማለት ነው።

ክንፍ አውሮፕላንን የሚያነሣው በሚገፋው አየር ነው። አየሩ ሲሳሳ ያንኑ ክብደት ለማንሣት ፍጥነት መጨመር ያስፈልጋል። ሒሳቡ ሲሠራ ጭማሪው 16 በመቶ ያህል ነው፤ በባሕር ዳርቻ አየር ማረፊያ በሰዓት በ300 ኪሎ ሜትር የሚነሣ አውሮፕላን በቦሌ 349 መድረስ ይኖርበታል። የእንቅስቃሴ ጉልበት ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ስለሚያድግ የሚያስፈልገው ጉልበት በ35 በመቶ ይጨምራል። በአንጻሩ ሞተሩም የሚተነፍሰው ይህንኑ ስስ አየር ስለሆነ ገፊ ኃይሉ ይቀንሳል። ብዙ የሚጠየቀው ሞተር ጥቂት ብቻ ይሰጣል። የሞተሩ ኃይል ከአየሩ ጋር እኩል ይቀንሳል ብለን በቀላሉ ብናሰላ፣ ለመነሣት የሚያስፈልገው መንደርደሪያ በባሕር ጠለል ከሚያስፈልገው ወደ 1.8 እጥፍ ይረዝማል። የጄት አውሮፕላን ዘመን ሲመጣ የልደታው አየር ማረፊያ ቀርቶ ቦሌ የተሠራውም፣ የቦሌ ረጅሙ መንደርደሪያ 3,800 ሜትር የሆነውም ያለ ምክንያት አይደለም።

መንደርደሪያ ማስረዘም ብቻውን ግን መፍትሔ አይሆንም። ጎማ ወሰን አለው፤ የብዙዎቹ ትላልቅ አውሮፕላኖች ጎማ የሚፈቀድለት ፍጥነት በሰዓት 378 ኪሎ ሜትር ነው። ፍሬንም ወሰን አለው፤ አብራሪው መነሣቱን በመጨረሻው ቅጽበት ቢተው ያ ሁሉ ጉልበት ወደ ሙቀት ተለውጦ የሚገባው በፍሬኑ ውስጥ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ የደኅንነት ሕግ አለ። ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን በመነሣት ላይ ሳለ አንዱ ሞተር ቢቆም፣ ጎማውን አጥፎ በቀረው በአንዱ ብቻ በየ100 ሜትሩ ቢያንስ 2.4 ሜትር ሽቅብ መውጣት አለበት። በስስ አየር፣ እንጦጦን የመሰለ ተራራ በቅርብ በቆመበት ከተማ፣ ይህ ሕግ ቀልድ አይደለም።

እንግዲህ ጎማውም ፍሬኑም ሕጉም በአንድ ቃል የሚሉት «ክብደት ቀንስ» ነው። ምን ይቀነስ? አውሮፕላን የሚሸከመው ሦስት ነገር ነው፤ ራሱን፣ ነዳጁንና ሰውን ከነጓዙ። ራሱን ሊቀንስ አይችልም። ስለዚህ ክርክሩ በነዳጅና በሰው መካከል ይሆናል። ቦይንግ 787ን የመሰለ አውሮፕላን በሰዓት 5 ቶን ያህል ነዳጅ ያቃጥላል። አንድ መንገደኛ ከነሻንጣው 100 ኪሎ ቢመዝን 5 ቶን ማለት 50 ሰው ነው። በሌላ አነጋገር፣ አንድ ሰዓት ተጨማሪ በረራ በክብደት ሲመነዘር 50 ሰው ይሆናል። ቀደም ብለን ያየነው የ1 ሰዓት ተኩል የነፋስ ልዩነት ብቻውን ከ70 ሰው ክብደት ጋር ይስተካከላል።

በዚህም ላይ ነዳጅ ራሱን የሚበላ ሸክም ነው። ለነገው ሰዓት የተጫነ ነዳጅ ዛሬ መሸከም አለበት፤ ለመሸከሙም ሌላ ነዳጅ ይቃጠላል። 13 ሰዓት በሚፈጅ በረራ ላይ አንድ ቶን ነዳጅ እስከ መጨረሻው ለማድረስ ከዚያው ውስጥ ከሦስት አንድ እጅ ያህሉ በመንገድ ላይ ይጠፋል።

አሁን ነፋሱንና ከፍታውን አንድ ላይ እንያቸው። ወደ ዋሽንግተን ሲኬድ ነፋሱ ስለሚቃወም ብዙ ነዳጅ ያስፈልጋል፤ ነገር ግን መነሻው ቦሌ ስለሆነ ብዙ መሸከም አይቻልም። ከዋሽንግተን ሲመጣ ነፋሱ ስለሚረዳ የሚያስፈልገው ነዳጅ ያንሳል፤ መነሻው ዝቅተኛ ስለሆነም የአውሮፕላኑ ሙሉ አቅም ይገኛል። ሁለቱ ችግሮች በአንድ ወገን፣ ሁለቱ በረከቶች በሌላው ወገን ገጠሙ። አምራቹ 787 ከ13,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይበራል ሲል አልዋሸም፤ የተናገረው ግን አውሮፕላኑ ሙሉ ክብደቱን ይዞ መነሣት ስለሚችልበት ቦታ ነው።

መፍትሔው ነዳጁን በሁለት ከፍሎ መጫን ሆነ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1998 እ.ኤ.አ. የአትላንቲክ ማዶ ጉዞውን ከጀመረ ወዲህ የማረፊያው ቦታ እንደ ዘመኑ ተለዋውጧል፤ ሮም፣ ደብሊን፣ ሎሜም ሆኖ ያውቃል። ሦስቱም ከ100 ሜትር በታች ባለ ቆላ ላይ ያሉ አየር ማረፊያዎች ናቸው። በሚያርፍበት ቦታ ነዳጁን በሙሉ ልብ ይሞላል።

ደብሊንን ለምሳሌ ብንወስድ አንድ የሚያስገርም ነገር እናገኛለን። ከአዲስ አበባ እስከ ደብሊን በታላቁ ክብ 6,370 ኪሎ ሜትር፣ ከደብሊን እስከ ዋሽንግተን 5,460 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ድምሩ 11,830 ይሆናል። ከአጭሩ መስመር የሚበልጠው በ270 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። በበረራ 18 ደቂቃ ነው። ሰዓቱ ግን 3 ሰዓት ያህል ይጨምራል፤ መውረድ፣ መቆም፣ ነዳጅ መቅዳት፣ ሠራተኛ መለወጥ፣ ዳግመኛ መነሣት አለና። መንገደኛው ተጨማሪ ርቀት አልሄደም ማለት ይቻላል፤ የከፈለው የመነሻውን ከፍታ ነው።

ይህ ዕዳ የእኛ ብቻ አይደለም። ሜክሲኮ ሲቲም በ2,200 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከዚያ ወደ ቶክዮ የሚሄዱ የአገሪቱ አውሮፕላኖች ለዓመታት በሰሜን ሜክሲኮ ዝቅተኛ ቦታ ላይ አርፈው ነዳጅ ይሞሉ ነበር፤ ሲመለሱ ግን ያለ ማረፊያ ይገቡ ነበር። የእኛው ታሪክ በሌላ ውቅያኖስ ላይ ተደገመ ማለት ነው።

ሰዓቱ

ስለ ሰዓት አቆጣጠር በአጭሩ ልናገር፤ ብዙ መንገደኛ የሚደናገረው በዚህ ነውና። ዋሽንግተን በክረምቷ ከአዲስ አበባ በ8 ሰዓት፣ በበጋዋ በ7 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። አንድ መንገደኛ በታኅሣሥ ወር ከቦሌ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ተነሥቶ ከነማረፊያው 17 ሰዓት ቢጓዝ፣ ሲደርስ በዚያ ከጧቱ 1 ሰዓት ተኩል ይሆናል፤ በሰዓቶቹ መካከል ያለው ልዩነት 9 ሰዓት ብቻ ነው። ሲመለስ ከረፋዱ 5 ሰዓት ተነሥቶ 13 ሰዓት ቢበር፣ አዲስ አበባ የሚገባው በማግስቱ ከጧቱ 2 ሰዓት ነው፤ አሁን ደግሞ ልዩነቱ 21 ሰዓት መስሎ ይታያል። በቲኬቱ ላይ ያለውን ብቻ የሚያነብ ሰው መሄጃው አጭር፣ መመለሻው ረጅም ነው ብሎ ይደመድማል፤ እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። 9ን እና 21ን ብንደምር 30፣ 17ን እና 13ንም ብንደምር 30 ነው። ፀሐይ ያበደረችውን፣ ከነፋስ በተለየ፣ አንድም ሳታስቀር ትቀበላለች።

ስለ ነገው

ከፍታን ልንለውጠው አንችልም፤ መነሻችንን ግን ልንለውጥ እንችላለን። በጥር 2018 ዓ.ም. ግንባታው በይፋ የተጀመረው በቢሾፍቱ አቅራቢያ የሚሠራው አዲስ አየር ማረፊያ ከሚሰጡለት ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው። የቢሾፍቱ አካባቢ በ1,900 ሜትር ገደማ ላይ ያለ በመሆኑ ከቦሌ በ400 ሜትር ያህል ይወርዳል። ሙቀቱ እኩል ቢሆን የአየሩ እፍግታ በ5 በመቶ ያህል ይጨምራል። 5 በመቶ ሲሰሙት ጥቂት ይመስላል፤ ከ200 ቶን በላይ ለሚመዝን፣ እያንዳንዱ 5 ቶን 50 ሰው ለሆነበት አውሮፕላን ግን ጥቂት አይደለም።

ሆኖም በዚህ ጉባኤ ውስጥ ያለን ሰዎች ከሚገባው በላይ ተስፋ እንዳንሰጥ መጠንቀቅ አለብን። ዝቅ ያለ ቦታ ሞቃት ነው፤ ሙቀት ደግሞ አየርን ያሳሳል። ከ400 ሜትሩ ትርፍ ጥቂቱን ሙቀቱ መልሶ ይወስደዋል። የሙቀትን ነገር ለመረዳት ቦሌን ራሱን ማየት ይበቃል፤ በቀን 23 ዲግሪ፣ በሌሊት 10 ዲግሪ በሚሆንበት ጊዜ የሌሊቱ አየር ከቀኑ አየር በ4.6 በመቶ ያህል የታመቀ ነው። ስለዚህ ከቀን ይልቅ ሌሊት መነሣት ከ400 ሜትሩ መውረድ ጋር የሚቀራረብ ጥቅም ይሰጣል፤ ያውም አንድ ድንጋይ ሳይፈነቀል። ወደ አሜሪካ የሚሄዱት አውሮፕላኖች በምሽት መነሣታቸው በሌሎች የጉዞ ግንኙነቶች ምክንያትም ቢሆን ይህን ጥቅም ሳያገኙ አይቀሩም። ቢሾፍቱ የከፍታውን ዕዳ ያቀልለዋል እንጂ አይሰርዘውም፤ የአትላንቲክን ነፋስ አያስቆምም፤ የተዘጋ ሰማይም አያስከፍትም። 1,900 ሜትርም ቢሆን በዓለም አየር ማረፊያዎች መካከል ከፍተኛ ከሚባሉት ነው። ይህን አስቀድሞ መናገር ሥራውን ማጥላላት አይደለም፤ በተመረቀ ማግስት ሕዝቡ «የተባልነው የት አለ?» ብሎ እንዳይጠይቀን መጠበቅ ነው።

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣

ሰው ወደ መሐንዲስ የሚመጣው ቁጥር ፍለጋ ነው። ድልድዩ ስንት ቶን ይሸከማል? ግድቡ ስንት ዓመት ይቆያል? መንገዱ ስንት ሰዓት ነው? ይላል። ቁጥሩን ስንሰጠውም ያምነናል፤ እናቴ ከአብራሪው ይልቅ የእኔን 13 ሰዓት እንዳመነችው ሁሉ። ይህ እምነት ክብር ነው፤ ዕዳም ነው። ቁጥሩ በየት ተነሥቶ፣ በምን ነፋስ፣ በምን ሙቀት፣ ከምን ሸክም ጋር እንደ ተገኘ ሳንናገር ስንሰጥ፣ አንዱ ሰው መድኃኒቱን በሻንጣ ያስራል፤ አንድ ድርጅት ዕቅዱን በዚያ ላይ ይሠራል፤ አንድ አገርም ገንዘቧን በዚያ ላይ ታፈስሳለች።

እናቴ ከሁለት ዓመት በኋላ ሁለተኛውን የልጅ ልጇን ለማየት እንደ ገና ወደ ዋሽንግተን ሄደች። «ስንት ሰዓት ነው?» ብላ ስትጠይቀኝ በዚህ ጊዜ ወረቀት አወጣሁ። «እማዬ፣ ስትሄጂ 17 ሰዓት ያህል ነው፤ በመካከሉ አንድ ጊዜ ያርፋል፤ ሲያርፍ እንዳትነሺ። ስትመለሺ 13 ሰዓት ያህል ነው፤ የትም አያርፍም። ነፋስ ቢበረታ ወይም መንገድ ቢዘጋ ከዚህም ይዘገያል። መድኃኒትሽ ከእጅሽ አይለይ» አልኳት። ወረቀቱን አጥፋ በመቀነቷ ቋጠረችና፣ «ያን ጊዜም እንዲህ ብትለኝ ኖሮ አብራሪውን አላማውም ነበር» አለችኝ።